የእንጨት ቤትን በራስ እጅ በክሪክ ማንሳት፦ ከየት ልጀምር?

ጀማሪ አናጺ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። 9 በ7 ሜትር የሆነ፣ ፎቅ የሌለው የእንጨት ቤት አለኝ። ግድግዳዎቹ የቆሙት በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ሲሆን፣ ከወለሉ ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ያህል ክፍተት አለ። ከጥቂት ወራት በፊት የአንዱ ክፍል በር አልዘጋ እያለ አስቸገረኝ። ሁለት ጊዜ በመላጊያ ላግሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ያዘ። በመጨረሻ ከወለሉ ሥር ገብቼ ሳይ፣ በዚያ ጎን ያለው አግዳሚ እንጨት 3 ሜትር ያህል ርዝመቱ በስብሶ ኖሮ የሰካሁበት ካቻቢቴ ያለ ምንም ግፊት እስከ እጀታው ገባ። ውሃ በሞላሁት ግልጽ ቱቦ ስለካው ያ ማዕዘን ከሌሎቹ በ42 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል።

ያሰብሁት ቤቱን በክሪክ አንስቼ የበሰበሰውን እንጨት ለመቀየር ነው። አካባቢው አልፎ አልፎ ጎርፍ ስለሚደርሰው፣ አንዴ ከተነሳ አይቀር ቤቱን በሙሉ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባደርገውስ የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል። 4 ባለ 10 ቶን ሀይድሮሊክ ክሪኮች አሉኝ። ይህን የሞከረ ወይም ሙያው ያለው ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

መሐንዲሷ፦

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ በስም ቢመሳሰሉም በአደጋቸው አይገናኙም። የወረደውን 42 ሚሊ ሜትር መልሶ አግዳሚውን መለወጥ፣ ቤቱ በሦስቱ ጎኖቹ እንደ ታሰረ ሆኖ የሚሠራ ጥገና ነው፤ ጥንቃቄ ያለውና እጁን የፈታ ሰው ሊወጣው ይችላል። ቤቱን በሙሉ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ግን ከመሠረቱ ነጥሎ ለሳምንታት በጊዜያዊ ድጋፍ ላይ ማቆም ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ቤቱን ከጎን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር፣ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሰጋው ንፋስ ነው።

ስለ ክብደቱ እንነጋገር ካልን፣ እንዲህ ላለው ቀላል ቤት ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ዕቃውን ጨምሬ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ግራም ብዬ እነሳለሁ። 63 ካሬ ሜትሩ ወደ 16 ቶን ይመጣል ማለት ነው። 16ን ለ4 ሲያካፍሉት 4 ቶን ስለሚወጣ፣ ባለ 10 ቶን ክሪኮችዎ ከበቂ በላይ ሊመስሉዎ ይችላሉ። ነገር ግን ጭነት እንደ ሒሳቡ በእኩል አይከፋፈልም። ጣሪያውን በሚሸከም ግድግዳ ሥር የሚያርፈው፣ ክፍል ብቻ በሚለይ ግድግዳ ሥር ከሚያርፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ አንዱ ክሪክ ከጎረቤቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከቀደመ የጎረቤቱን ድርሻ ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ማንኛውም ክሪክ ከተጻፈበት አቅም ከግማሽ በላይ እንዳይጫን አድርጎ ማቀድ ይገባል። ለሙሉ ማንሳት ክሪክ የሚቆምበት ነጥብ ከ12 እንዲያንስ አላስብም፤ ለአንድ ጎን ጥገና ግን 4ቱ ይበቃሉ።

ቱንቢ፦

ልጄ፣ መሐንዲሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ሰውን የሚገድለውን ነገር ልንገርህ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም የተሠራ አይደለም። ሀይድሮሊኩ ዘይቱን የሚይዘው በትንሽ ጎማ ነው፤ ጎማው ካረጀ ሌሊቱን ቀስ እያለ ሲወርድ ያድራል፣ አንዳንዴም ቀስ አይልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክሪክ አጠገብ ርብራብ ይሠራል፦ ሁለት ጠርብ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነጠፋል፣ በላዩ ሌሎች ሁለት በአግድሙ ይደረደራሉ፣ እንደገና ሁለት፣ እንዲህ እየተባለ ቤቱ ሥር ይደረሳል። የርብራቡ ቁመት ከግርጌው ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ እንዳይሆን አድርግ። አንዳንዶች እስከ ሦስት እጥፍ ይሄዳሉ፣ እኔ ግን በእርጥብ መሬት ላይ አልደፍረውም።

በርብራቡ ራስና በቤቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት በሽብልቅ ሙላው። ክሪኩን 3 ሚሊ ሜትር ባነሳህ ቁጥር ሽብልቁን መታ መታ አድርገህ አስገባ። ክፍተቱ ምንጊዜም ከአንድ ጣት ውፍረት እንዳይበልጥ፤ ያኔ ክሪኩ ቢከዳህ እንኳን ቤቱ የሚወድቀው አንድ ጣት ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ በተያዘ ነገር ሥር እጅህንም ጭንቅላትህንም አታስገባ።

ሌላም ልጠይቅህ። እንጨቱን ያበሰበሰው ምንድን ነው? እሱን ሳታገኝ አዲስ እንጨት ብታስገባ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ መጥተህ ትጠይቀናለህ።

ጀማሪ አናጺ፦

ጋሽ ቱንቢ፣ ስለ ርብራቡ የሰጡኝ ማብራሪያ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። ያበሰበሰውን ነገር እስካሁን አላገኘሁትም፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ የለም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ለርብራቡ ምን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ያስፈልጋል? ደግሞስ ክሪኩን በቀጥታ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ሥር ማስገባት ይቻላል?

መሐንዲሷ፦

ሁለቱንም ጥያቄዎች አንድ ቁጥር ይመልሳቸዋል። ለስላሳ እንጨት ከጎኑ ሲጫኑት በደኅና የሚችለው በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠርቦች ሁለት ሁለት ሆነው ሲደረደሩ በአራት ቦታ ይነካካሉ፤ እያንዳንዱ መነካኪያ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ርብራቡ 12 ቶን ይሸከማል። በ15 በ15 ጠርብ ከሠሩት ደግሞ ወደ 27 ቶን ይደርሳል። ለእርስዎ ጥገና የመጀመሪያው ይበቃል፣ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ካልገባበት።

አሁን ወደ ክሪኩ ራስ ይምጡ። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቢሆን የሚያርፍበት ቦታ 12.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 4 ቶን ሲጫንበት በካሬ ሴንቲ ሜትር 320 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ እንጨቱ ከሚችለው ከአሥር እጥፍ በላይ። ቤቱ ሳይነሳ ክሪኩ እንጨቱን እየበሳ ይገባል፣ እርስዎም ከፍ ያለ መስሎዎት ፓምፑን ይመታሉ። መፍትሔው በመካከላቸው 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሳህን ማድረግ ነው፤ ያኔ ግፊቱ ወደ 18 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሳህኑ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው፤ ቀጭን ላሜራ ይጎብጥና ጭነቱን ያው ለመካከሉ ይመልሰዋል። ክሪኩም ከነጠላ የወለል እንጨት ሥር ሳይሆን ከብዙዎቹ ሥር በአግድም ከሚያልፍ ወፍራም ጠርብ ወይም የብረት ቢም ሥር ይግባ። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ ቢም ከተጠቀሙ በሳህኑና በቢሙ መካከል ቀጭን ጣውላ ጣል ያድርጉ።

ቧንቧ ሠሪ፦

ሁሉም ስለ ጭነት ሲያወራ የሚረሳውን ልጨምር። ቤት ሲነሳ ከመሬት ጋር ያያዘው ነገር ሁሉ አብሮ ይጎተታል። የጋዝ መስመር ካለ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይዘጋ፣ ከቤቱም ይነጠል። የውሃው መግቢያ በሚታጠፍ ቱቦ ሊተካ ይችላል። የፍሳሽ ቱቦ ግን ግትር ነው፤ 42 ሚሊ ሜትር ይበቃና መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ካልተላቀቀም የመጸዳጃውን ሳህን ከወለሉ ጋር ይሰነጥቃል። ወደ ቤቱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ገመድና የመሬት ሽቦው መላላታቸውን ተመልከት። የጭስ መውጫ አለህ? በጡብ ተገንብቶ የራሱ መሠረት ካለው እሱ ቦታው ላይ ይቀራል፣ ጣሪያው ግን ሽቅብ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለውን ቆርቆሮ ቀድመህ ፍታው።

ጀማሪ አናጺ፦

የጭስ መውጫ አለ፣ የራሱም መሠረት አለው። ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ በጭራሽ አላስበውም ነበር።

የድሮ ነገር ወዳድ፦

ከርእሱ ሳልወጣ አንድ ነገር ላንሳ። የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ረግረጋማ መሬት ላይ ስለ ተሠራች የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት መንገዱን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ሕንፃዎቹም አብረው መነሳት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1860 በሌክ ጎዳና ላይ 98 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሙሉ የሕንፃዎች ረድፍ፣ ከነሱቆቹና ከነገበያተኛው፣ በ600 ሰዎችና በ6,000 የጥምዝ ክሪኮች በ5 ቀን ውስጥ 1.4 ሜትር ገደማ ከፍ ተደርጓል። ክብደቱ 35,000 ቶን ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሠራተኞቹ ክሪኮቻቸውን የሚያዞሩት በምልክት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር። በኋላ በባቡር ፉርጎ ስሙ የገነነው ጆርጅ ፑልማንም በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት አንዱ ነበር። ጋልቨስተን የምትባለው የባሕር ዳር ከተማም እ.ኤ.አ. በ1900 በማዕበል ከጠፋች በኋላ ከ2,000 በላይ ሕንፃዎች ተነስተው ከሥራቸው ያለው ክፍተት በውሃ በተቦካ አሸዋ ተሞልቷል። የጡብ ሕንፃ እንዲያ ከተነሳ 16 ቶን የእንጨት ቤት ምን ያስፈራል?

ቱንቢ፦

አንተው በተረክኸው ውስጥ ያለፍኸው ነገር አለ። ለ35,000 ቶን 6,000 ክሪክ ማለት ለአንዱ ክሪክ ከ6 ቶን ያነሰ ነው። ነጥቡን አብዝተው ጭነቱን አሳነሱት እንጂ ጉልበት አልጨመሩም። የጥምዝ ክሪክ ደግሞ ዘይት ስለሌለው ባቆሙበት ይቆማል፤ ጥምዙ በአንድ ዙር 6 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ሩብ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ የተሻለ ልኬት በሀይድሮሊክ አይገኝም። ጀማሪው ቢያገኝ እኔ የምመርጥለት ጥምዙን ነው።

ባለ ብሎኬት፦

እኔ ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ ቤቴ ግን የብሎኬት ነው፣ አንዱ ማዕዘን ወርዶ ግድግዳው በደረጃ ቅርጽ ተሰንጥቋል። በዚሁ መንገድ ማንሳት እችላለሁ?

መሐንዲሷ፦

በዚህ መንገድ አይሆንም። የእንጨት ግድግዳ ይታጠፋል፣ መጋጠሚያዎቹም ትንሽ ይላወሳሉ፤ የብሎኬት ግንብ ግን መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም። በጥቂት ነጥብ ቢያነሱት በነጥቦቹ መካከል ያለው ግንብ ወደ ታች ይጎትታል፣ ይከፈታልም። ከሥሩ የአርማታ ቢም በየክፍሉ እየተቆፈረ ካልተሠራለት አይነሳም፤ ይህም ለአጥኚ መሐንዲስና ለልምድ ያለው ተቋራጭ የሚተው ሥራ ነው። እግረ መንገዴን፣ ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የጭቃ ቤት ያላቸውም አንዳንዴ ይህን ይጠይቃሉ። እዚያ የሚነሳ አግዳሚ ስለሌለ መንገዱ ምሰሶውን በየተራ መቀየር ነው።

ተጠራጣሪ፦

እኔ ይህ ውይይት ሰውን እያደፋፈረ ነው ብዬ እፈራለሁ። ብዙ ቦታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤት ሥር ገብቶ ክሪክ መምታት የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ አይደለም።

መሐንዲሷ፦

ስለ ፈቃዱ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ጀማሪው ሥራውን ሳይጀምር መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ዝም ብንለው ሥራውን የሚተው አይመስለኝም፤ ያለ ርብራብ የሚሠራው ይመስለኛል። ስለ 60 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ፣ ጎርፍን ሸሽቶ የተነሳ የእንጨት ቤት በብሎን ከመሠረቱ ጋር በደንብ ካልታሰረ ውሃ ሲመጣ ሊንሳፈፍ ይችላል። አዲሱ የመሠረት ግድግዳም ውሃውን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከሌለው ከአንድ ወገን ብቻ ይገፋና ይፈርሳል። የአሜሪካ የጎርፍ መድን ደንብ ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ ይጠይቃል፤ በጠቅላላው ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለ63 ካሬ ሜትር ቤት 4,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ከነ4 ክሪኩ አልመክረውም።

ጀማሪ አናጺ፦

ተጠራጣሪ ያሉት ቅር አላሰኘኝም፤ ፈቃዱን ጠይቄ ጥገናው ተፈቅዶልኛል። 60 ሴንቲ ሜትሩን ትቼዋለሁ። በቀን 3 ሚሊ ሜትር እያነሳሁ በ14 ቀን ልጨርስ አቅጃለሁ።

(ከአንድ ሳምንት በኋላ)

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እስከ አምስተኛው ቀን ሁሉ ደኅና ነበር፤ 15 ሚሊ ሜትር ተነሳ፣ በሩም እጀታው ጋ መላላት ጀመረ። በአምስተኛው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ገብቼ ሁለተኛውን ክሪክ ሁለት ጊዜ እንደ መታሁት ግርጌው ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፣ ራሱ ወደ እኔ ዘመም አለ፣ ከዚያም ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቤቱ ወርዶ ርብራቡ ላይ ተቀመጠ። ሽብልቁን ከመምታቴ በፊት ክፍተቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ የወረደውም ያንኑ ያህል ነው። ከበሩ በላይ በልስኑ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ወጣ። ከሥሩ ወጥቼ እጄ እስኪረጋ ድረስ ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። ክሪኩን ያስቀመጥሁት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ነበር። ርብራቡ ግርጌው ሰፊ ስለሆነ ንቅንቅ አላለም።

መሐንዲሷ፦

እንኳን ተረፉ። ስሌቱን ይዩት፦ 4 ቶን በ900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲ ሜትር 4.4 ኪሎ ግራም ነው። እርጥብ ሸክላ አፈር ከ1 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሸከም አልጠይቀውም። 75 በ75 ቢያደርጉት ወደ 0.7 ይወርዳል። ለስላሳውን አፈር ጠርገው ያውጡ፣ ጠጠር ሞልተው ይጠቅጥቁት፣ በላዩ ጠርቦቹን በሁለት ንብርብር በአግድምና በቁም ይዘርጉ።

ቱንቢ፦

ስንጥቁን አሁን አትጠግነው፤ ቤቱ ወደ ልኩ ሲመለስ አብዛኛው ራሱ ይገጥማል። የዘመመውን ክሪክ ደግሞ ዳግም አትመነው፤ ዘንጉ ሳይጎብጥ አልቀረም።

ጀማሪ አናጺ፦

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ክሪኩን ቀይሬ፣ አራቱንም ግርጌዎች እንደ ተባልሁት አሰፋሁ። የድንጋይ መሠረቱ ራስ የተፈረፈረበትን ቦታ በሲሚንቶ ካስተካከልሁ በኋላ እስኪጠነክር ቤቱን ለ10 ቀን በርብራብ ላይ አቆየሁት። በስብሶ የነበረውን 3 ሜትር እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጬ ሳወጣው በአካፋ የሚዛቅ ሆኖ ነበር። አዲሱን እንጨት ከድንጋዩ በወፍራም የሬንጅ ወረቀት ለይቼ፣ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ርቀት አሰርሁት። ከጤነኛው ጋር ያጋጠምሁት ግማሽ በግማሽ በማነባበር ነው።

ሙሉውን 42 ሚሊ ሜትር ግን አላነሳሁም። 36 ላይ ስደርስ በሌላኛው ክፍል ያለው ኮርኒስ ይንጣጣ ጀመር፤ መጋጠሚያውም መከፈት ሲጀምር አቆምሁ። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶኛል።

ቱንቢ፦

ደግ አደረግህ። ቤቱ በዚያ መልኩ ስንት ዓመት ተቀምጦ እንጨቱ ሁሉ ከጎባጣው ጋር ተስማምቷል፤ የመጨረሻዋን ሚሊ ሜትር የሚያሳድድ ሰው መስኮት ይሰብራል። ግን የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አልመለስህልኝም። ምን አበሰበሰው?

ጀማሪ አናጺ፦

ይቅርታ ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ትናንት ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ በዚያ ጎን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምሁ። የአሸንዳው መጋጠሚያ በትክክል ከማዕዘኑ በላይ ተላቆ ውሃው ግድግዳውን እየላሰ ወርዶ አግዳሚው እንጨት ላይ ይንጠባጠባል። ከታች ሆኖ ሲያዩት አይታወቅም፤ እኔም ቤቱን በክሪክ እስካነሳ ድረስ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ጠዋት አሸንዳውን ገጥሜ፣ መውረጃ ቱቦውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር አርቄ አፈሰስሁት። በሩ ይዘጋል፤ ሁለት ጊዜ ስለ ላግሁት ግን አሁን ከላይ በኩል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፣ ቅዳሜ ቀጭን እንጨት እለጥፍበታለሁ።